ሁለት መስመር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እህል ስመዝን ኖሬ፣
የጅጋን ጤፍ፣ የደምበጫን በቆሎ፣ የቡሬን በርበሬ፣
ኪሎ ሰርቄ አላውቅም፤ ይመስክር ያለም የሞተ።
ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ አራት ኪሎ የማትሞላ አሮጊት ድመት
ልኳን ማግኘት አቃተኝ፤ ዓይኔም እጄም ታከተ።

መጀመሪያ ውኃ ነው ያሳበቀባት።
ጣሳዋን ትጨርስና ወደ እንስራው፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ፤
የጣራውን ጠብታ ሳይቀር በምላሷ እያሳደደች
በልታ በልታ ከሳች፤ ቆዳዋ ብቻ ሰፋ።
ኋላም ቋንጃዋ ከዳት፤ እንደ ጥንቸል ተጎተተች።
አወቅሁት። የራሴ ጥም ነው፣ የራሴው የሌሊት ምልልስ፤
ስኳር ዘር አይቆጥርም ለካ፣ ከባለ ኮት እስከ ባለ ጅራት ድረስ።

ስንሻው በሬ ሲያኮላሽ የኖረ ሐኪም ነው፤ ዘንቢሌን ከፍቶ ሳቀ።
ኋላ ድዷን አየ፣ ሽንቷን በወረቀት ለካ፤ ሳቁ ደረቀ።
«አያ አለነ፣ መድኃኒቱስ ካንተው ቤት አለ፤ ለሷ ሁለት መስመር፣
ጧት በአሥራ ሁለት፣ ማታ በአሥራ ሁለት፤ ሳትበላ ግን እንዳትጀምር።»

ከዚያ ወዲህ ከአንድ ብልቃጥ ሁለት ሆነን እንወጋለን፣
እኔ ሃያ ስድስት፣ እሷ ሁለት፤ መብራት የጠፋ ለታም
ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ፣ በገንቦ ሆድ እንሸሽጋለን።
የኔው ተገራ። የገብስማ ግን አልተገራም።

ጆሮዋን ነካ አድርጌ የደሟን ነጥብ ስለካ
ሰኞ አራት መቶ አሥር፣ ማክሰኞ አራት መቶ ሠላሳ።
በድሮው የሚዛን ደብተሬ «ገቢ» በሚለው ስር ጻፍሁት።
መስመር ጨመርሁ። ሦስት። ሦስት ተኩል።
ቁጥሩ ለካ ለጋሚ በሬ ነው፤ ቢወጉት ቢወጉት አይነሣ።

«ለድመት!» ይላሉ በአጥሩ ሲያልፉ፣ «ሕፃን መድኃኒት በሚያጣበት!»
እውነታቸውን ነው። መልስ የለኝም። በሬን ዘጋሁበት።

አንድ ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ፣ ባንቻየሁ፣ ስምንተኛ ክፍል፣
አቅፋ አሸተተቻት፤ «አያ አለነ፣ ጸጉሯ ለምን ይርሳል?
ጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ይላል።»
ዳበስሁት። እርጥብ ነው።
ለካ መርፌው በቆዳዋ እጥፋት ገብቶ በወዲያ ማዶ እየወጣ
አርባ ቀን ጸጉር ስወጋ፣ አርባ ቀን አየር ሳጠጣ!
ሰው ያልሰረቅሁ እኔ፣
እቤቴ ቁጭ ብዬ ሰረቀኝ የገዛ ዓይኔ።

ባንቻየሁ ወጋቻት፤ ትንሽ እጅ፣ የማይንቀጠቀጥ።
የሞላሁት ሦስት ተኩሉን ነበር። እንዴት አልቀነስሁም? እንጃ።
ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገብስማ ከግድግዳ ስትጋጭ፣
እንደ ሰካራም ስትዞር ደረስሁ፤ ለካሁ፤
አርባ አንድ።
የዳሞት ማር ነበረኝ፣ ለእንግዳ ብዬ የከደንሁት፣
ስድስት ዓመት ያልቀመስሁት።
በጣቴ ዝቄ ድዷን ቀባሁ፣ እንደገና ቀባሁ፣
ኩራዙ እስኪያልቅ ስሟን ጠራሁ።
ጎሕ ሲቀድ ነከሰችኝ። ደሜ ወጣ። ሳቅሁ።
ጣቴ ላይ ማር ቀርቶ ነበር፤ አልላስሁትም፣ ታጠብሁ።

አሁን ወደ ሁለት መስመር ተመልሰናል።
አንዳንድ ጧት ሁለት መቶ፣ አንዳንድ ጧት ሦስት መቶ ተርፎ፤
ስንሻው «ልክ አይመጣም፤ ከልኩ አጠገብ ይበቃል» ይላል።
ለሚዛን ሰው ይህን መዋጥ ከማሩ ይከብዳል።
ደብተሩን ግን አልዘጋሁም።

ይኸው አሥራ ሁለት ሊሆን ነው። ከገንቦው ሥር ቀድማኝ ተቀምጣለች፣
ጀርባዋን ሰጥታ፣ የተረፈችውን ቆዳ አዘጋጅታ።
የቆርቆሮው በር ተንቋቋ፤
ባንቻየሁ ናት፤ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች።